ቦታ ከተረፈ

የሺሃረግ ከማዘጋጃ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ለአምስተኛ ጊዜ ተነሣች። ተነሥታ የምትሄድበት ግን አልነበራትም። እስከ በረንዳው ጫፍ ሄዳ ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚንጠባጠበውን ዝናብ አየችና ተመልሳ ተቀመጠች። ደረቷ ላይ ያቀፈችው ጥቁር ደብተር ውስጥ የስልሳ ሦስት ሰው የክርስትና ስም አለ። ገሚሱን ራሷ ጻፈችው፤ ገሚሱ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ በበሯ ሥር ሾልኮ ገባላት። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄድ ሰው ተገኘ ከተባለ ቦንጋ ላይ ስሙን የማያስይዝ የለም። «ጎልጎታ ስትደርሺ ስሜን ጥሪልኝ» ይላሉ። ከወዲሁ «ኢየሩሳሌም» ብለው የሚጠሯትም አልጠፉም።

ቲኬቱ ግን ገና አልተቆረጠም። እንዲያውም ዛሬ፣ ማዘጋጃ ቤቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከመዘጋቱ በፊት አንዲት ወረቀት ካላገኘች ጭራሽ አይቆረጥም። ምን ነበር አፌን ብይዝ፣ ምን ነበር መጀመሪያ ቲኬቱን ብጨብጥ እያለች ራሷን ስትረግም ነው ያረፈደችው። ስልሳ ሦስት ሰው በየቤቱ ሄዶ «ስምዎን ልመልስልዎት» አይባል ነገር!

ነገሩ የጀመረው በጥምቀት ሰሞን ነው። ልጇ ሔርሜላ አየር መንገድ ገብታ የበረራ አስተናጋጅ ከሆነች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። አንድ ምሽት ደውላ «እማ፣ ለፋሲካ ኢየሩሳሌም እልክሻለሁ» ስትላት የሺሃረግ የተማሪ ፈተና ታርም ነበርና ቀዩ እስክሪብቶ ከእጇ ወደቀ። ከዚያ ሔርሜላ የሠራተኛውን ደንብ ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው ቀስ ብላ አስረዳቻት። ሠራተኛ በዓመት አንዴ ለእናትና ለአባቱ ነፃ ቲኬት ያገኛል፤ የሚከፈለው ታክሱ ብቻ ነው። ላላገቡ ወንድሞችና እህቶች ቅናሽ አለ። አጎትና አክስት የሉበትም። ነፃ ቢሆንም ታዲያ እንደ ከፋይ መንገደኛ የተያዘ ወንበር የለውም። ከፋዩ ሁሉ ገብቶ ሲያበቃ፣ ቦታ ከተረፈ፣ ስም ይጠራል። ካልተረፈ ሻንጣን አንጠልጥሎ ወደ ቤት ነው።

«ስሜ ካልተጠራስ?»

«በማግስቱ ትመጫለሽ። ካልሆነም በሦስተኛው ቀን። በፋሲካ ደግሞ አውሮፕላኑ ጢም ነው የሚለው፣ ከአሁኑ ልንገርሽ። ሌላው፣ እማ፣ በሠራተኛ ቲኬት የሚሄድ ሰው ንጹሕ ለብሶ፣ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚጠብቀው። ግቢ ሲሉሽ እሺ፣ ተመለሽ ሲሉሽም እሺ። አንቺ ብትቆጪ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«እኔ ደግሞ ማንን ተቆጥቼ አውቃለሁ?»

ሃያ ስምንት ዓመት ያስተማረች ሴት ይህን ስትል ሔርሜላ በስልኩ ውስጥ ከት ብላ ሳቀች። የሺሃረግም ሳቀች።

ፓስፖርቱ ወጣ፤ የተሳላሚዎቹም ማኅበር ስሟን ለቪዛው አስገባላት። ባለፈው እሑድ ግን ሔርሜላ እንደገና ደወለች፤ ድምጿ ከወትሮው ቀጥኗል። አየር መንገዱ የሠራተኞቹን የቤተሰብ መዝገብ እያጣራ ነው አለች። አንዱ ሠራተኛ የአጎቱን ልጅ ወንድሜ ነው ብሎ አስመዝግቦ ተገኝቶ ከሥራ ታግዷል። ስለዚህ ሁሉም የእናትና የአባቱ ስም ያለበትን የልደት ሰርተፍኬት እስከ ዓርብ ማስገባት አለበት፤ ያላስገባ የዘንድሮው ቲኬት ይቀርበታል።

«ሔርሚ…» አለች የሺሃረግ።

«ቅጹ እናት ነው የሚለው» አለች ሔርሜላ ዝግ ብላ። «እናቴ አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም የሺሃረግ ከጆሮዋ ሳታነሣው ቆየች። ሔርሜላን የወለደቻት እሷ አይደለችም። የወለደቻት ታናሽ እህቷ ብርቄ ናት።

ይህን በቦንጋ ዕድሜ የጠገበ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በአደባባይ ያወራው ግን የለም። ብርቄ በየሺሃረግ ቤት ተቀምጣ ስምንተኛ ክፍል የምትማር የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። በሰባ አምስት ክረምት የሺሃረግ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቢታ ገነት ተመድባ፣ የጤና ረዳት የነበረው ባሏ ከፈለኝም ለክትባት ገጠር ወጥቶ ሳለ፣ ብርቄ በእህቷ አልጋ ላይ ወለደች። አባትየው ለመንገድ ሥራ መጥቶ የሄደ ቀያሽ ነበር፤ ስሙም ከእሱ ጋር ሄደ። ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና በተነሣች ማግስት ብርቄ ጌሻ፣ ደካ ወዳለ ዘመድ ቤት ተላከች። እዚያው አገባች፤ አምስት ወንዶች ልጆችም ወለደች። መውለድ እንቢ ብሏት የኖረችው የሺሃረግ ሕፃኗን ታቀፈች፤ ታቅፋም አልለቀቀችም። ልጅቷም ሔርሜላ ከፈለኝ ተባለች።

አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት አንዲት የክፍል ጓደኛዋ በጠብ መሃል እውነቱን አፍ አውጥታ ነገረቻት። ያን ዕለት ማታ ሔርሜላ እራቷን በላች፣ ሳህኗን አጠበች፣ «እማ፣ ደህና እደሪ» ብላ ተኛች። ከዚያ ወዲያ ሆድ ይፍጀው ተባለ። ብርቄ በዓመት አንዴ ሁለቴ ስትመጣ ሔርሜላ «እትዬ ብርቄ» ትላታለች። የብርቄ ዓይን ልጅቷ ላይ ቆየት ባለ ቁጥር የሺሃረግ አንድ ሥራ ትፈጥራለች፤ ሔርሚ፣ ውሃ አምጪ፤ ሔርሚ፣ ሱቅ ድረሺ። ይህን ማድረጓን ከእሷ በቀር ማንም አያውቅም። እሷ እንደዚያ ነበር የሚመስላት።

ኋላ ባሏ ሞተ፣ ልጅቷም አዲስ አበባ ገባች። ለየሺሃረግ የቀረላት ያ «እማ» የሚለው ስልክ ነው። ኢየሩሳሌሙም ቢሆን፣ እውነት ለመናገር፣ ግማሹ ስለት ነው፤ ግማሹ ደግሞ ከማታውቀው ሰው ፊት ቆማ፣ ስሟ «የሠራተኛዋ እናት» ተብሎ ሲጠራ ለመስማት ነው። ይህን ለንስሐ አባቷ እንኳ አልተናገረችም።

ለልደት ሰርተፍኬቱ ሦስት ምስክር ያስፈልጋል፤ «ስትወለድ እናውቃለን» የሚሉ። ሁለቱ ጠዋት ፈርመው ሄደዋል። ጎረቤቷ ጋሽ ፈለቀ ብዙ ሳይናገሩ ፈረሙ። ጨርቃ ጨርቅ የምትነግደው ዙሌካ ደንበኛ ጥላ መጣችና «ላም አለኝ በሰማይ ማለት እንግዲህ ይቺ ናት!» እያለች፣ እየሳቀች ፈረመች። ስትወጣ ግን ሳቋን ትታ በጆሮዋ «ያሳደገች ናት እናት። እሱን አላህም አይጠላውም» አለቻት።

ሦስተኛው ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ። መጡ፤ መነጽራቸውን አድርገው ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበቡ፤ አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«የሺ፣ አሳድጋለች ብለው ይመስክሩ ካልሽኝ በሁለት እጄ እፈርማለሁ። ይኸ ግን ወልዳለች ነው የሚለው። አርባ ዓመት ሰው ሲምል ስጽፍ ኖሬ፣ በስተርጅና፣ ያውም በዐቢይ ጾም፣ እኔው ራሴ በሐሰት ልማል?»

«ጋሼ፣ ማንን ይጎዳል?»

«እሱን እኔ አላውቅም» አሉና ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

የልደት መዝገብ ክፍሉ ሠራተኛ ኢያሱ አራተኛ ክፍል ያስተማረችው ልጅ ነው፤ ስትገባ ዛሬም ብድግ ይላል። «ቲቸር፣ በሁለት ምስክር አይሆንም፣ መመሪያው ሦስት ነው» አላት፣ ጥፋቱ የእሱ ይመስል አንገቱን ሰብሮ። ቀጠለና «በጉዲፈቻ የሆነ እንደሆነ ደግሞ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው፤ ልጅ አሥራ ስምንት ካለፈ እሱም የለም» አለ። ጉዲፈቻን ምን አሳሰበህ ብላ አልጠየቀችውም። አራት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፤ ኮምፒውተሩም ፕሪንተሩም ዝም አሉ። «መብራቱ እስኪመጣ ምስክር ይፈልጉ፤ እስከ መውጫ ሰዓት አለሁ» አላት።

ፈለገች። ጫማዋ ጭቃ እስኪጠግብ ዞረች። አንዷ ማንኪራ ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች። ሁለተኛው ታሞ ተኝቷል። ሦስተኛዋ ደጅ ድረስ ወጥታ ሳመቻት፤ «የኔን ስም ጻፍሽው አይደል?» አለቻት፤ ምስክርነቱ ሲነሣ ግን እሳት ላይ የጣደችው ትዝ አላትና ገባች። የሺሃረግ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ተመለሰች። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ነገ ንጋት ላይ ይነሣል፤ ሾፌሩ ፖስታውን ሊያደርስላት ቃል ገብቷል። ከዚያ በኋላ ዓርብን የሚቀድም መኪና የለም። ተነሣች፤ ዝናቡን አየች፤ ተቀመጠች።

ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አንዲት ሴት ራሷን በሰፊ የእንሰት ቅጠል ከዝናብ ከልላ በግቢው በር ገባች።

«እትዬ!»

የሺሃረግ ክው አለች። ብርቄ ናት። ከሰው ሁሉ፣ ከቀን ሁሉ፣ ዛሬ ብርቄ!

«ቤት ሄጄ አጣሁሽ፤ ዙሌካ ናት እዚህ ነች ያለችኝ» አለች ብርቄ ጉንጯን እያገላበጠች እየሳመቻት። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ረጥቧል። «ኢየሩሳሌም ልትሄድ ነው ሲሉ ደካ ቤተ ክርስቲያን ሰማሁ። እህትሽ ሆኜ ከሰው ልስማ?» ብላ ሳቀች። ከዘንቢሏ በቅጠል የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ሰም ነው፤ ማሩ ገና አልለቀቀውም። «ልጆቹ ከጫካ ቀፎ ያወረዱት ነው። ጧፍ አሠርተሽ ጎልጎታ ላይ አብሪልኝ።»

የሺሃረግ ሰሙን ተቀበለችና ምን እንደምታደርግበት ጠፋት። «ነይ ስምሽን ልጻፈው» አለች፣ ፊቷን ደብተሩ ላይ ለመድፋት። ስልሳ አራተኛ ብላ ወለተ ማርያም ጻፈች። ብርቄ የልጆቿን የክርስትና ስም አስከተለች፤ ገብረ መስቀል፣ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ወልደ ሚካኤል፣ ተክለ ሃይማኖት፣ ገብረ ሥላሴ። የሺሃረግ አምስተኛውን ጽፋ እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ እንደተጫነ ጠበቀች።

«በቃ» አለች ብርቄ።

የሺሃረግ ተነፈሰች። በመተንፈሷም አፈረች።

«በዚህ ዝናብ እዚህ ምን ያስቀምጥሻል?»

የግብር ጉዳይ ነው ማለት ይቻል ነበር። ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እጇ ላይ ያለው ሰም ይሸታታል፤ እህቷ ከሌሊት ተነሥታ በጭነት መኪና ላይ ስትንገላታ ውላ ያመጣችው ሰም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሁሉንም ነገረቻት፤ ቲኬቱን፣ ደንቡን፣ አክስት የሚባል ረድፍ ቅጹ ላይ እንደሌለ፣ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስንም። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ስለዚህ ነገር ለእህቷ አፏን ስትከፍት ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ብርቄ እግሯ ሥር ያለውን ኩሬ እያየች አዳመጠች።

«እናት የሚለው ላይ አንቺን ነው የጻፋችሁት?»

«እኔን ነው።»

«ምስክር አንድ ነው የጎደለው?»

«አንድ።»

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ? ስትወለድ የነበረ ሰው አይደል የሚፈልጉት?»

«አይሆንም!» የሺሃረግ ጮኸች። በረንዳው ላይ የነበሩ ባለጉዳዮች ዞረው አዩዋት። ለምን እንደጮኸች ለራሷም አልገባትም። ብርቄ አንድ ቀን መጥታ ልጄን ስጪኝ የምትል እንደሆነ የምትመልሰውን መልስ ሃያ አምስት ዓመት ስታዘጋጅ ኖራለች። ትምህርት ቤት ስትሄድ በመንገድ ላይ ታጠናው ነበር፤ ኩፍኝ ሲይዛት ማን አብሯት አደረ፣ ዩኒፎርሟን ማን ሰፋ፣ ጥርሷ ሲነቀል ማን ጣሪያ ላይ ወረወረላት። ያ ሁሉ መልስ አሁን ጠያቂ አጥቶ ደረቷ ውስጥ ቀረ።

«ምን ያስጮህሻል?» አለች ብርቄ እጇን ይዛ። «እትዬ፣ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ጎጀብ ወንዝ ልገባ አስቤ ነበር እኮ፣ ለማንም አልነገርኩም። አንቺ ስትይዢልኝ ነው የተረፍኩት። እኔ በመጣሁ ቁጥር ውሃ አምጪ፣ ሱቅ ሂጂ እያልሽ ስትልኪያት አይ ነበር። ለእኔ ብለሽ ነው፤ አይቻት እንዳላለቅስ። ዝም ብዬ እመርቅሽ ነበር።»

የሺሃረግ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አይደለም፣ ለአንቺ ብዬ አልነበረም፣ ፈርቼሽ ነው፣ ቀንቼብሽ ነው ልትል ከንፈሯን ከፈተች። ብርቄ ግን ቀድማ ተነሥታ የቀሚሷን ጫፍ እየጨመቀች ወደ ቢሮው በር ሄዳለች።

ኢያሱ በመስኮቱ ብርሃን ቅጹን አስተካክሎ ያዘ። «ቲቸር ምንዎ ናቸው?» አላት።

«እህቷ ነኝ።»

«ሕፃኗ ስትወለድ በቦታው ነበሩ?»

«ነበርኩ። እዛው ነበርኩ» አለችና አማርኛው ያዛት። ስምንተኛ ክፍል ላይ የተወችውን አማርኛ ደካ ጫካ ውስጥ ብዙ አልሰማችውም።

«በካፊኖኖ ይንገሩኝ፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ።»

ያኔ ቃሏ ተፈታ። «ሐምሌ ነበር፤ እንደዛሬው ይዘንባል» አለች ብርቄ። «ምጡ ጠዋት ጀመረ። ቤቱ ውስጥ ሰው አልነበረም። እናቷ ጎረቤት እንዳይሰማ ነጠላዋን ነክሳ ዋለች። ወደ ማታ አንዲት አሮጊት ከጀርባ ቅጠል ልትቆርጥ መጥታ ሰማችና ገባች፤ እትብቱን እሷ ናት የቆረጠችው። ልጅቷ መጀመሪያ አላለቀሰችም። አሮጊቷ ጀርባዋን መታ መታ ስታደርጋት ነው ያለቀሰችው። ቀኝ ጆሮዋ ታጥፎ ነበር፣ እንደ ቅጠል። አሮጊቷ እንዲህ ሆኖ ይቀራል ብላ ሄደች። እናቷ ሌሊቱን ሙሉ ያንን ጆሮ በጣቷ ስትዘረጋው፣ ስትዘረጋው አደረች። ሲነጋ ተስተካከለ።»

የሺሃረግ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። የሔርሜላን ጆሮ ታውቀዋለች። አጥባዋለች፤ ጉትቻ ሲበሳ እሷ ናት አቅፋ የያዘቻት። ሁለቱም ጆሮዎች እኩል፣ ሁለቱም ቀጥ ያሉ ናቸው። አንደኛው በአንዲት ልጅ እግር ሴት ጣት የተቃና መሆኑን ግን አታውቅም ነበር። ያ ሁሉ በእሷ አልጋ ላይ ሆኗል፤ እሷ ግን ቢታ ገነት ላይ ሀ ሁ ታስቆጥር ነበር።

ኢያሱ ይህን ሁሉ አልጻፈውም፤ ቅጹ ቦታ የለውም። «ስትወለድ በቦታው ነበርኩ» ብሎ አንድ መስመር ጻፈ። «እናቷ እንግዲህ…» ብሎ በእስክሪብቶው ወደ የሺሃረግ አመለከተ፤ «እኚህ ናቸው?»

ብርቄ ከገባች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ እህቷን አየቻት።

«እናቷ እሷ ናት» አለች፤ በአማርኛ።

ይፈርሙ ሲላት እስክሪብቶውን አጥብቃ ያዘች። ፊርማ አልነበራትም፤ ስሟን ጻፈች። ቀስ ብላ፣ መስመሩን ሳትለቅ፣ ተማሪ ሳለች የሺሃረግ ከምሽቱ እራት በኋላ በፋኖስ እንዳስጻፈቻት አድርጋ። የ«ቄ»ዋን ቀለበት ዛሬም ከልክ በላይ ታከብበዋለች።

መብራቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ፕሪንተሩ አጉረመረመ፤ ወረቀቱ ወጣ፤ ኢያሱ ኃላፊውን አስፈርሞ ማኅተሙን አሳረፈበትና «እንኳን ደስ ያለዎት ቲቸር፣ በእግዚአብሔር ቸርነት የኔንም ስም እንዳይረሱ» አላት። የሺሃረግ ወረቀቱን በረንዳው ላይ አነበበችው። የእናት ስም በሚለው አንጻር ስሟ ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ተጽፏል፤ አንድም ፊደል አልተሳሳተም። ሃያ አምስት ዓመት የፈለገችው ነው። እልል ያሰኘኛል ብላ ነበር። ሁለቴ አነበበችውና ፖስታው ውስጥ ከተተችው።

ዝናቡ አባርቷል። ብርቄ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ሁልጊዜ በምትቆምበት አኳኋን፣ ወሬ ሲወራ ራቅ ብላ፣ ዘንቢሏን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። የሺሃረግ ስልኳን አወጣች። ኔትወርኩ ሁለቴ እንቢ ብሎ በሦስተኛው ጠራ።

«እማ! ምን ሆነልሽ?»

«ወጣ። ነገ ማታ አውቶቡስ ተራ ተቀበይው።»

«ተመስገን! እማዬ፣ ስንት ቀን እንዳልተኛሁ ብታውቂ።» ከዚያ ድምጿ የሥራ ድምፅ ሆነ። «አሁንም ግን እንዳትረሺ፣ ቦታ ከተረፈ ነው። ሞልቷል ካሉሽ አትዘኚ፣ እሺ? ጥግ ይዘሽ ስምሽ እስኪጠራ መጠበቅ ብቻ ነው።»

«ገብቶኛል» አለች የሺሃረግ። ዓይኗ ብርቄ ላይ ነበር። «ጥግ ይዞ መጠበቅ ነው።»

«ሦስተኛው ምስክር ማን ሆነ? ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ እሺ አሉሽ?»

የሺሃረግ «አዎ» ብትል ሌላ የሚጠይቃት የለም፤ ወረቀቱም ታትሟል፣ ማኅተሙም ደርቋል። ግን እግሯ ቀድሟት ወደ ጣሪያው ጠርዝ መራመድ ጀምሯል።

«ሔርሚ፣ እንዳትዘጊ» አለች። «እናትሽ እዚህ አለች። ላገናኝሽ።»

ከወዲያ በኩል ጸጥ አለ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን አየችው፤ አልተቋረጠም፣ ሰከንዱ ይቆጥራል። ለብርቄ ዘረጋችላት።

ብርቄ ስልኩን አየች፣ እህቷን አየች። እጇን ቀሚሷ ላይ ግራና ቀኝ ጠረገችና ጽዋ እንደምትቀበል በሁለት መዳፏ ተቀበለችው። «ምን ልበላት?» አለች በካፊኖኖ።

የሺሃረግ እስከ በረንዳው ጫፍ ሄዳ ጀርባዋን ሰጠቻት። ደብተሩን ከፍታ ከአምስቱ ወንዶች ስም ቀጥሎ፣ እስክሪብቶዋ ጠብቆ በቀረበት ቦታ፣ ወለተ ኪዳን ብላ የሔርሜላን የክርስትና ስም ጻፈች። ይኸው ስም የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከራሷ ስም ሥርም አለ። እዚያኛውን አልሰረዘችውም።

ከኋላዋ ብርቄ፣ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ፣ በዚያ ስምንተኛ ክፍል ላይ በቀረው አማርኛዋ «ሔርሜላ…» አለች። «ምሳ በልተሻል?»